ከጃንተከል እስከ ፒያሳ

(ጎንደርን በእግር ለመጎብኘት ለተሰባሰቡ ወጣቶች በጉዞው ዋዜማ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ።

ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። መንገዱ አጭር ነው። ከጃንተከል ዋርካ እንነሳና የፋሲል ግቢን አጥር ተከትለን ፒያሳ እንወጣለን። መጨረሻ ላይ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ እናርፋለን። ሥራ ላለው ሰው የደቂቃዎች መንገድ ናት። እኛ ግን ግማሽ ቀን እንፈጅባታለን። ዛሬ ማታ የሰበሰብኳችሁ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ ለጥቂት ዓመታት እንግዳ አስጎብኝ ነበር። የፋሲልን ግቢ እንደ ቤቴ አውቀው ነበር። የትኛው ንጉሥ የትኛውን ቤት እንዳሠራ፣ የትኛው በር ምን እንደሚባል አንድ በአንድ እናገር ነበር። ፒያሳ ስንደርስ ግን ወሬዬ ያልቃል። እጄን ወደ ሕንጻዎቹ እዘረጋና «ይሄ ሁሉ ጣሊያን የሠራው ነው» እላለሁ። ከዚያ እንግዶቹን ማኪያቶ ልጋብዝ እወስዳቸዋለሁ።

አንድ ቀን ይህንኑ ስናገር አንድ ሽማግሌ ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይሰሙኝ ኖሯል። እንግዶቹ ፎቶ ማንሳት ሲጀምሩ በእጃቸው ጠሩኝ። ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«ልጄ፣ ጣሊያን ሠራው ነው ያልካቸው?»

«አዎ አባቴ።»

«ድንጋዩንም ጣሊያን ነው የተሸከመው?»

ምን ልበል? ዝም አልኩ። «አባቴ እዚህ ድንጋይ አመላልሷል» አሉኝ። «እስኪሞት ድረስ ትከሻው ላይ ምልክቱ አልጠፋም።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መለሱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጣሊያን የሠራው» የምትለዋ ቃል እንደ ሳንካ ትይዘኛለች። ዛሬም ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ እሷ ነው።

መጀመሪያ ከግቢው እንነሳ፤ ምክንያቱም ግቢውን ያልተረዳ ፒያሳን አይረዳም።

አፄ ፋሲል ጎንደርን ዋና ከተማ ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙዎቹ ከሰፈር ሰፈር እየተዘዋወሩ በድንኳን ይገዙ ነበር። ፋሲል ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርበው ተቀመጡ። ያ አራት ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ያለው ትልቁ ግንብ የእሳቸው ነው። ከፍታው እስከ ጫፉ 32 ሜትር ያህል ነው ይባላል። ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው፣ የልጅ ልጃቸው፣ ሌሎችም እየጨመሩበት ግቢው ሰፋ። አጥሩ 900 ሜትር ያህል ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ስለዚህ ግንብ ምን ሲባል ነው ያደግነው? «ፖርቱጋል የሠራው!» አይደለም? እኔ በትምህርት ቤትም በሰፈርም የሰማሁት ይህንኑ ነው። እስቲ ነገሩን አስቡት። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ በመሆናቸው አገር ታመሰ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል የመጀመሪያ ሥራቸው የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መመለስና በፖርቱጋል በኩል የመጡትን የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከአገር ማስወጣት ሆነ። ታዲያ እኚህ ንጉሥ ያባረሯቸውን ሰዎች መልሰው ጠርተው ቤት አሠሩ እንዴ?

የውጭ እጅ የለበትም አልልም። ድንጋይን በኖራ እያጣበቁ የመገንባት ጥበብ ከኢየሱሳውያኑ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ከሕንድ የመጡ ግንበኞችም ይነሳሉ። ጥበብ እንዲህ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ግን ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመትና ከዚያ በላይ በየትውልዱ ግንብ ሲነሳ የነበረው በማን ጉልበት ነው? በዚህ ከተማ ዙሪያ የነበሩ ቤተ እስራኤሎች በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ ነገሥታቱን ያገለግሉ ነበር። ዛሬ ወለቃ ብትሄዱ ሰፈራቸውን ታገኛላችሁ። ልጆቻቸው አብዛኞቹ ዛሬ ያሉት እስራኤል አገር ነው። እዚያ ያደገ አንድ የጎንደር ልጅ ወደዚህ ቢመጣና ግቢውን ቢጎበኝ፣ አስጎብኙ «ፖርቱጋል ነው የሠራው» ቢለው ምን ይሰማዋል? አያት ቅድመ አያቱ የጠረቡት ድንጋይ ሊሆን ይችላል እኮ።

አያችሁ፣ ሁለት ግንብ አለን። አንዱን ለፖርቱጋል ሰጠን፤ ሌላውን ለጣሊያን። እጃችን ባዶ ሆነ። ነገ ስንሄድ ይህን ልማድ ትተን እንድንሄድ ነው የምፈልገው።

ጃንተከል ላይ ትንሽ እንቆያለን። ያ ትልቅ ዋርካ ያለበት ቦታ የከተማው የጥንት አደባባይ ነው። አዋጅ የሚነገረው፣ ሕዝብ የሚሰበሰበው፣ የሞት ፍርድም የሚፈጸመው እዚያ ነበር። አደባባይ የሚለው ቃል በዚህ ከተማ ቀልድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኖቻችንን ሳይቀር በእሱ ጠርተናል፦ አደባባይ ኢየሱስ፣ አደባባይ ተክለ ሃይማኖት። የግቢው ውስጦቹ ደግሞ እልፍኝ ጊዮርጊስ፣ ግምጃ ቤት ማርያም ይባላሉ። ከስማቸው ብቻ የት እንደነበሩና ማን እንደሚሳለማቸው ይገባችኋል። በሮቹም እንዲሁ ናቸው። እምቢልታ በር፣ እርግብ በር፣ ተዝካሮ በር። እኔ እንግዲህ በዓለም ላይ ለተዝካር በር የከፈተ ቤተ መንግሥት ሌላ አላውቅም።

ልብ በሉ። ፒያሳ ማለት በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው።  ከተማዋ አደባባይ ነበራት። በአጠገቧ ሌላ አደባባይ በባዕድ ቋንቋ ተተከለ። እኛ ደግሞ ዛሬ «ፒያሳ አደባባይ» እንላለን፤ አደባባይ አደባባይ እንደማለት ነው።

የፋሺስት ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጦሩን የመራው የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው አኪሌ ስታራቼ ነው። ዓመቱን ተመልከቱ። ጎንደር በ1628 ተቆረቆረች፤ በ1928 ተያዘች። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ። 

ጣሊያኖች ጎንደርን የ«አማራ ግዛት» ብለው ላቋቋሙት ክፍል ዋና ከተማ አደረጓት። የከተማ ፕላን እንዲያወጣ የታዘዘው ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ነው። የሠላሳዎቹ ዕድሜ ሰው ነበር። ደሴንና ጅማንም ነድፏል። ከዚህ ሲመለስ ጣሊያን አልባኒያን ይዛ ስለነበር ቲራና ላኩት። እዚያም ትልቅ ጎዳናና አደባባይ ነደፈ። ያኔ ለፋሺስት ፓርቲ ያቆመው ሕንጻ ዛሬ የቲራና ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአንድ ሰው እርሳስ ሁለት ከተማ ላይ ስለተሳበ ቲራናና ጎንደር በአንድ በኩል እኅትማማች ናቸው። ቦዚዮ እ.ኤ.አ. በ1941 ሞተ። ጎንደር ነጻ የወጣችውም በዚያው ዓመት ነው።

ሥራውን የማይችል ሰው አልነበረም። ይህን መካድ አልፈልግም። ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ዙሪያውን ስትቃኙ ታዩታላችሁ። ግድግዳው ጌጥ የለውም። ማዕዘኑ ብዙ ቦታ ላይ ክብ ነው፤ እንደ መርከብ አፍንጫ ይዞራል። መስኮቶቹ በአግድም ተሰልፈዋል። ጣሪያው ከመንገድ ላይ ሲታይ ጠፍጣፋ ይመስላል። ጥላው ራሱ ስሌት አለበት። ጠዋት አንዱን ወገን፣ ከሰዓት ሌላውን ያለብሳል። አንዳንዱ ሕንጻ ከሥሩ በአገሩ ጥቁር ድንጋይ ተገንብቶ ከላይ ተለስኗል። ያንን ድንጋይ በደንብ እዩት፤ ከግቢው ድንጋይ ጋር የአንድ አገር ልጅ ነው።

ነገር ግን ፕላኑ የሕንጻ ብቻ አልነበረም። የሰውም ነበር። ማን የት ይኖራል፣ ማን የት ያልፋል የሚለውን ሁሉ ይወስናል። ነጩ በአንድ ወገን፣ «ተወላጅ» የሚሉት በሌላ ወገን፤ ገበያው ራቅ ብሎ። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ወንድ ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት ያሳስር ነበር። በያዟቸው ከተሞች አውቶቡሱም ሲኒማውም እንዲለይ ታዘዘ። ድንጋይ ለሚያመላልሰው የአገሩ ሰው የሚከፈለው ደግሞ አጠገቡ ለሚሠራው ነጭ ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ነበር።

አያቴ ያኔ ልጅ ነበረች። እንቁላል ለመሸጥ ከእናቷ ጋር ከገጠር ትመጣ ነበር። ፒያሳን የምታውቀው ከሩቅ ነው። «ነጭ ነጭ ቤት ነው፤ እንደ ወተት ያበራል፤ አትጠጊው ይሉናል» ትለኝ ነበር። ሸምግላ እንኳ ፒያሳን ስታቋርጥ ጠርዝ ጠርዙን ነበር የምትሄደው። መሃሉን አትረግጠውም። አንድ ቀን እጇን ይዤ በመሃል አሳለፍኳት። «እንዴ፣ መንገድ ነው ለካ» አለችኝ።

ይህን ስነግራችሁ መለየትን ጣሊያን ብቻ ያመጣው እንዳይመስላችሁ። ታሪክን ለራስ አዳልቶ መንገር አይገባም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በዚሁ ከተማ ጉባኤ ተደርጎ ሙስሊሙ ለብቻው፣ ቤተ እስራኤሉ ለብቻው ይቀመጥ ተብሏል። አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር የሙስሊሞች ሰፈር የሆነው በዚህ መነሻ ነው። በቤታችንም የተሰመረ መስመር ነበረን። ልዩነቱ፣ የእኛው መስመር ላይ ቆመን ዛሬ ልንነጋገር እንችላለን፤ ጎረቤት ነንና። አዲስ ዓለም ቡና ጠርቶን እንሄዳለን፤ ለአረፋ ይጠሩናል፤ ለፋሲካ እንጠራቸዋለን። ነገ ጊዜ ካለን እሱንም እናያለን።

ወደ ግቢው ልመለስና አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ።

ጣሊያኖች ግቢውን መሥሪያ ቤት አደረጉት። ግንቡንም ጠገኑ። የጠገኑት ግን በሲሚንቶና በብረት ነው። ሲሚንቶ ያኔ የዘመናዊነት ምልክት ነበርና ደግ የሠሩ መስሏቸው ይሆናል። በኋላ በተደረገው ጥገና ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እያነሱ በኖራ ተኩ። ለምን? ይህን ያስረዱኝ በጥገና ሥራ ያረጁ አንድ ግንበኛ ናቸው።

ሰውየው በአንድ እጃቸው የደረቀ የኖራ ጓል፣ በሌላው የሲሚንቶ ስባሪ ያዙ። ሁለቱ ላይ ከጠርሙስ ውሃ ጠብ አደረጉ። ኖራው ላይ ያለው ውሃ ስርግ ብሎ ጠፋ። ሲሚንቶው ላይ ያለው ዶቃ ሆኖ ቀረ። «ኖራ ይተነፍሳል» አሉኝ። «ክረምት የጠጣውን በበጋ ይመልሳል። ሲሚንቶ ግን አፉን ይዘጋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይበላዋል።» ኖራው ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ድንጋዩ ይቃጠላል፤ ውሃ ይፈሳበታል፤ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይከርማል። ሲወጣ እንደ ቅቤ ነው። እሳቸው በጣታቸው ቆንጥረው ሰጡኝ፤ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። እጄን ወዲያው እንድታጠብ አዘዙኝ፤ ይለበልባላ።

ነገ የግቢው ግድግዳ አጠገብ ስትቆሙ በድንጋይና በድንጋይ መሃል ያለውን መስመር ብቻ እዩ። የት ነጣ፣ የት ጠቆረ፣ የት አዲስ ነው? ታሪኩ ከድንጋዩ ይልቅ እዚያ ላይ ይነበባል።

ግቢው በወረራው ሌላም ጉዳት ደርሶበታል። ጣሊያን እዚያ ስለሰፈረ የእንግሊዝ አውሮፕላን ደበደበው። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ጣሪያው የወደቀው ያኔ ነው። ያ ቤት በዘመኑ በወርቅና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ነበር ይባላል። ዛሬ ሰማይ ነው ጣሪያው።

የነጻነቱ ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። አገር ሁሉ ያንን ቀን ያከብራል። ጎንደር ግን ገና ነበረች። ጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲ ጦሩን ይዞ እዚሁ መሽጓል። በስተ ሰሜን ወልቀፊት፣ በደብረ ታቦር በኩል ቁልቋል በር ምሽግ ነበረው። ወልቀፊት በመስከረም እጅ ሰጠ። ቁልቋል በር ብዙ ደም ፈሶበት ኅዳር 12 ቀን ተያዘ። እዚያ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የእኛ አርበኞች አብረው ገብተዋል። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ናሲ እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ ይህች ከተማ ነበረች።

ቁጥሩን ደምሩት። አምስት ዓመት ከስምንት ወር እንኳ አልሞላም። በዚያም ጊዜ ቢሆን ከተማውን እንጂ ገጠሩን አልያዙትም። በአርማጭሆ እነ አሞራው ውብነህ ነበሩ። ማታ ማታ ፒያሳ ላይ መብራት እየበራ፣ ከተራራው ማዶ ያለው ጨለማ የአርበኛ ነበር።

አንዳንድ ሰው «የቅኝ ግዛት ዘመን ሕንጻ» ሲባል ይቆጣል። «ቅኝ አልተገዛንም!» ይላል። ትክክል ነው፤ አልተገዛንም። እኔም «የወረራ ዘመን» የሚለውን እመርጣለሁ። ግን ቃሉን ስናስተካክል ሕንጻው የተነሳበትን ሐሳብ እንዳንሸፍነው እፈራለሁ። ያሠሩት ሰዎች ሊኖሩበት ነው ያሠሩት። ልጆቻቸውን ሊያሳድጉበት፣ እኛን ከሩቅ ሊያቆሙን። አሥመራን አስቡ። እዚያ ጣሊያን ሃምሳ ዓመት ገዝቷል። ከተማውም እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎንደር ላይም የታሰበው ያ ነበር፤ ከዚያም የባሰ። ሐሳቡ አልተሳካም፤ ግድግዳው ግን ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው ለእኔ ዋናው ታሪክ የሚጀምረው። ከ80 ዓመት በላይ! እነሱ ስድስት ዓመት እንኳ አልቆዩበትም። ያን ሁሉ ዘመን የኖርንበት እኛ ነን።

ፖስታ ቤቱን ውሰዱ። ከዚያ ደረጃ ላይ ስንት ሰው ደብዳቤ ጠብቋል! ሱዳን የተሰደደ ወንድም፣ ግንባር የሄደ ልጅ፣ ዓረብ አገር የገባች እኅት። እናቴ ከታላቅ ወንድሟ የመጣ ኤንቨሎፕ ይዛ እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ማንበቧን አስታውሳለሁ። ቤት እስክትደርስ አላስቻላትም። ሁለት ገጽ ነበር። አንዱን ገጽ ሦስቴ አነበበችው። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቴምብሩን ለመላጥ እታገል ነበር። ያን ደረጃ ጣሊያን ሠራው ብትሉኝ፣ ለእኔ እናቴ ናት የሠራችው።

ማኪያቶውስ? ፉርኖውስ? ጎሚስታው፣ ካቻቢቴው፣ ቡሎኑ፣ ፍሪሲዮኑ? መካኒክ ቤት ሄዳችሁ ስሙ፤ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ግን ሮም ወስዳችሁ ብታናግሩበት በዜማው አይለዩትም። የእኛ ሆኗል። ሊስትሮ የሚለው ቃል እንኳ ከዚያው ነው የመጣው። ፒያሳ ላይ ያሉት ሊስትሮ ልጆች ግን ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ማታ የሚማሩ ናቸው። ጫማችሁን ስታስጠርጉ አናግሯቸው። ከእኔ የተሻለ ፒያሳን ያውቋታል። በየትኛው ሰዓት ጥላው የት እንደሚወድቅ ይነግሯችኋል፤ ሥራቸው ነዋ።

በጥምቀት ደግሞ ፒያሳን ማየት ነው። ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሶ ይወጣል። ታቦታቱ ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ሰውን መቁጠር አይቻልም። አያቴ «አትጠጊው» የተባለችበት ቦታ ላይ ሆ እያለ ይጨፈራል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው በዝቷል። እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም ግን ጭፈራው ያው ነው።

አሁን የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ሕንጻዎች አንዱ ውስጥ ጉዳይ ነበረኝና ገባሁ። ወለሉ ቴራዞ ነበር፤ ልጅ ሆኜ የማውቀው። ደቃቅ ጠጠር በሲሚንቶ ተለውሶ የተወለወለ። በመሃሉ ቀይና ጥቁር መስመር ያልፍበታል። በሰማንያ ዓመት እግር ስላለፈበት በሩ ጋ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። እዚያ ጎድጓዳ ላይ እግሬን ማሳረፍ እወድ ነበር። ያን ቀን ስገባ ወለሉ ተፈልፍሎ በደጅ ተከምሯል። ሠራተኞች የሚያብረቀርቅ ነጭ ታይልስ እያነጠፉ ነው። የቀድሞዎቹ የብረት መስኮቶችም ተነቅለው አልሙኒየም ገብቷል። «ለምን?» አልኩ። «አርጅቶ ነበር፤ ዘመናዊ እናድርገው ብለን ነው» አለኝ ኃላፊው። በቅን ልቡና ነው የተናገረው። ክፋት አልነበረበትም። ከክምሩ ላይ አንድ ስባሪ አነሳሁ። እነሆ፣ ይዤው መጥቻለሁ። ተቀባበሉትና እዩት። ቀዩን መስመር በጣታችሁ ዳስሱት። መስመሩን ቀጥ አድርጎ ያወጣው እጅ የማን እንደሆነ ማንም አልመዘገበም።

«ጣሊያን የሠራው» ማለት ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ነው ብለን ካሰብን ሲፈርስ አያመንም። «የጠላት ሕንጻ ነው፤ ይፍረስ» የሚልም አጋጥሞኛል። በሌላ በኩል ደግሞ «ምነው ጣሊያን ትንሽ በቆየ ኖሮ» የሚል ሰው አለ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለመንገድና ለሕንጻ ብለን የአያቶቻችንን ሞት ልንረሳ ነው? ሁለቱም ሰዎች የተለያየ ነገር የተናገሩ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ግን ድንጋይ ተሸካሚውን አያዩትም። ሁለቱም ሕንጻውን የጣሊያን አድርገው ነው የሚያዩት።

እኔ የምለው ይህን ነው። ያዘዘው ጣሊያን ነው። ነዳፊው ቦዚዮ ነው። ያነሳው የአገሬው ሰው ጉልበት ነው፤ ከጣሊያናዊው ሠራተኛም ጋር። ያስለቀቀው አርበኛው ነው። ያኖረው እስከ ዛሬ ያለው ጎንደሬ ነው። እንግዳ ሲጠይቃችሁ ይህን ሁሉ ንገሩት። ረዘመ ካላችሁም ይርዘም። እንግዳ ከሩቅ አገር የመጣው ለአንድ ቃል አይደለም።

የነገው ነገር እንዲህ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዋርካው ሥር እንገናኝ። ማለዳው ይበርዳልና ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ። ስልካችሁን ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ኪሳችሁ ክተቱት። በዓይናችሁ እዩ። ፎቶው የትም አይሄድም። አጥሩን ስንከተል ድንጋዩንና ኖራውን እየነካችሁ ሂዱ፤ አትቧጥጡት ብቻ። ፒያሳ ስንደርስ ቀና ብላችሁ እዩ። የሱቅ ማስታወቂያውና የኤሌክትሪክ ሽቦው ከታች ያለውን ሸፍኖታል፤ ሕንጻው ራሱ የሚጀምረው ከራሳችሁ በላይ ነው።

ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች አይጠፉም። መጀመሪያ ሰላም በሏቸው። «እንደምን አደሩ» ብላችሁ ጎንበስ በሉ። ከፈቀዱላችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ስለ ሕንጻው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ጤናቸው ጠይቁ። ከዚያ ስማቸውን ጠይቁና ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። እኔ ያልጠየቅኩትን እናንተ ጠይቁልኝ።

ቁርስ ፉል ነው፤ እዚያው ፒያሳ። በሉ ደህና እደሩ።